አርባ ያልሞላው ዝምታ

መኪያ ከወረባቦ አዲስ አበባ ስትገባ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ዘመዷ ቦሌ አንድ ቤት አስቀጠረቻት። በሳምንቱ ገበያ ተልካ ስትመለስ ታክሲ ተሳፈረች፤ ያኔ ውይይት የሚባለውን፣ ሰው ከኋላ ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥበትን። መውረጃዋን አላጣችውም። የቤቱን ቀይ በር በዓይኗ አይታዋለች። ግን ለመውረድ "ወራጅ አለ!" ብሎ መጮህ ያስፈልጋል፤ መኪያ ደግሞ በዚያ ሁሉ ወንድ መሐል ድምፅ የምታወጣ ልጅ አልነበረችም። ቀዩ በር አለፈ። ሌላውም ሰፈር አለፈ። ታክሲው መጨረሻው ደርሶ ሰው ሁሉ ሲወርድ፣ እሷ ዘንቢሏን እቅፍ አድርጋ ቁጭ አለች።

ሾፌሩ ዞሮ መጣና በኋላ በር አንገቱን አስገባ።

"አንቺ ልጅ፣ የት ነው መውረጃሽ?"

"አልፏል።"

"ታዲያ ሲያልፍ ዝም ብለሽ ታዪዋለሽ? አፍ የለሽም?"

አነጋገሩ የአገሯ፣ የወሎ ሰው አነጋገር ነበር። እሷም ይህን ስትሰማ እንባዋ መጣ። ጋቢና አስገብቶ ባዶ መኪናውን እየነዳ መለሳት። መንገዱን ሙሉ "በይ ጩሂ! ጎረቤት እንደሞተበት ሰው አታንሾካሹኪ፣ ጩሂ!" እያለ ሲያስቃት ቆይቶ፣ ቀዩ በር ጋ ሲደርሱ ከየት እንዳመጣችው ሳታውቅ "ወራጅ አለ!" አለች። ፍሬኑን ባንዴ ረገጠው። የሁለቱም ግንባር መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረው።

"ይኸው ነው! እኔ ይቺን ቃል ከሰማሁ ተኝቼም ቢሆን እቆማለሁ" አላት።

አብዱልገኒ ይባላል። በዓመቱ ሽማግሌ ላከ። እውነትም ተኝቶ ይቆም ነበር፤ ሌሊት በእንቅልፉ ቀኝ እግሩ ብድግ ብሎ ፍሬን ይረግጣል፣ የሚያርፈው ግን የመኪያ ቅልጥም ላይ ነው። አርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቅልጥሟ እንደበለዘ ኖረ። ስትነሳ "ዛሬ ደግሞ ማንን አወረድክ?" ትለዋለች፤ እሱም "አንዲት ባልቴት፣ መልሷን ሳትቀበል ሄደች" ይላታል።

ጫጫታ የሚወድ ሰው ነበር። ቤት ሲገባ መጀመሪያ ሬዲዮ ይከፍታል፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑን፣ ከዚያ በረንዳ ወጥቶ ከታች የሚያልፈውን ሰው ይጠራል። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሲገቡ፣ ሰዉ ገና አልሞላም ነበርና ደረጃው ጭር ሲልበት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ "መገናኛ! መገናኛ!" ብሎ ይጮህ ነበር፤ ልጃቸው ሸይማ እስክታፍር ድረስ። ለአፍታ ሁሉም ዝም ካለ "ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?" ይላል።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ፣ መገናኛ ተራ ይዞ ቁጭ እንዳለ ስትሮክ መታው። ሲደፋ ደረቱ ክላክሱ ላይ ነው ያረፈው። ክላክሱ አልቆም አለ። ከኋላው ተራ የያዘው ማሞ ነበር፣ የሃያ ዓመት ወዳጁ፤ ድምፁ እንደ አሮጌ ናፍጣ መኪና የሚንኳኳ። ቀልድ መስሎት "አንተ አብዱል፣ አደነቆርከን እኮ! ሰርግ ልትሄድ ነው?" እያለ ሲሰድበው ቆየ። ማሞ ይህን ዛሬም ሲያነሳ ፊቱን ያዞራል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐኪሙ መኪያን ጠርቶ አስቀመጣት። ዓይኑ ይከፈታል፣ ይተኛል፣ ይነቃል፣ በራሱ ይተነፍሳል፤ ንቃተ ህሊና ስለመኖሩ ግን ምልክት አላየንም አላት።

"አለ ነው የለም የሚሉኝ?" አለች መኪያ።

"እናቴ፣ እሱን በእርግጠኝነት ልንነግርዎት አንችልም። ሊሰማም ይችላል፣ ላይሰማም ይችላል።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ የመኪያ ኑሮ ይህች አንዲት ጥያቄ ሆነች፤ አለ ወይስ የለም? ዓይኑ ይከፈታል፣ ግን የሚያየው እሷን ይሁን ግድግዳውን አይታወቅም። ከሆስፒታል ሲወጡ አንዲት አሮጊት ነርስ አንሶላውን እያጠፈች "አዋሩት። እንደ በፊቱ አዋሩት፣ ዝም አትበሉት" አለቻት። ነገሩ እንደ መንገድ ላይ ሰላምታ ነበር። መኪያ አሜን ብላ ወጣች፣ ረሳችውም።

ቤት ሲገቡ ሰዉ ጎረፈ። ከመርካቶ የወሎ ሰዎች መጡ፣ የታክሲ ሾፌሩ ሁሉ ከነወያላው መጣ። ሐሙስ ሐሙስ ዱዓ ተደረገ። ከጎን በር ያለችው አስማ፣ የስልጤ ሴት፣ ታች ሱቅ ያላት፣ ጠዋት ጠዋት መኪያ ሥራ ስትሄድ ሱቋን ለእህቷ ትታ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ በአፍንጫው በገባው ቱቦ አጥሚቱን ትሰጠዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ ስለ ስኳር መወደድ ስታወራው ትውላለች። ማሞ ደግሞ በየማታው ከሥራ መልስ ይመጣና ገና በሩን ሳያልፍ ይጀምራል።

"አንተ ሰነፍ! ዛሬም ተኝተሃል? ተራህን ወሰድኩብህ እኮ! ተነስና ተጣላኝ!"

አብዱልገኒ ይተነፍሳል። በቃ ሌላ ነገር የለም። ሰው ስቆ፣ ተጫውቶ፣ መርቆ ይሄዳል፤ መኪያ በሰው ትከሻ መሐል አሻግራ ዓይኑን ስትጠብቅ ታመሻለች። አንድ ወር። ሁለት ወር። ምንም።

መኪያ ሥራዋ ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ ነው፣ አንድ ግቢ ውስጥ። ሰዎች እየመጡ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ዝም የሚሉበት ቤት ነው። ሜዲቴሽን ይሉታል፣ ተመስጦም ይሉታል። እሷ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ወለሉን ትወለውላለች፣ ትራሶቹን ታራግፋለች፣ የነሐሷን ሳህን ትወለውላለች፤ ሳህኗ ስትመታ ድምፅዋ እየቀጠነ ሄዶ የት እንደገባ አይታወቅም። አስተማሪዋ ሀይሚ ትባላለች፣ ህንድ አገር ተምራ የመጣች፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ድምፅዋ ለስላሳ፣ ሠራተኛ ናት ብላ መኪያን የማትንቅ። መጥፎ ልጅ አይደለችም። ይህ መባል አለበት።

አንድ ቀን መኪያ ትራስ እያራገፈች አለቀሰች። ሀይሚ አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። መኪያ የሐኪሙን ነገር ነገረቻት።

"እትዬ መኪያ" አለች ሀይሚ፣ "ንቃተ ህሊና ጠፋ ማለት ሞተ ማለት አይደለም። ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ሰው እኮ ኢነርጂ ነው። ጫጫታ ይበትነዋል፣ ጸጥታ ይሰበስበዋል። ቤት ሰው ይበዛል?"

"ውይ! እንደ ሰርግ ቤት ነው።"

"እሱን ትንሽ ይቀንሱለት። ጠዋትና ማታ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ዝም ብለው አጠገቡ ይቀመጡ። መዳፍዎን ደረቱ ላይ ያድርጉ፣ ከሱ ጋር ይተንፍሱ። መዳፍዎ እየሞቀ ሲመጣ ኢነርጂው እየፈሰሰ ነው ማለት ነው።"

ሀይሚ ያለችው ይህን ብቻ ነው። የቀረውን የጨመረችው መኪያ ናት።

ምክንያቱም ይህ ነገር ለመኪያ እንግዳ አልነበረም። ወረባቦ፣ ከአያቷ ቤት በላይ፣ ሼኹ ከሰው ተለይተው ዱዓ ሊያደርጉ ኸልዋ የሚገቡባት አንዲት ጎጆ ነበረች። አርባ ቀን በሩ ይዘጋል። ማንም አይገባም፣ ማንም አይጣራም፤ ምግባቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይኬዳል። ልጆች በዚያ ሲያልፉ ጫማቸውን አውልቀው ነበር፤ ኮቴ እንዳይሰማ። በአርባኛው ቀን ሼኹ ሲወጡ ፊታቸው እንደታጠበ ጨረቃ ያበራል፣ በሽተኛ ሁሉ እጃቸውን ሊነካ ይሰለፋል። መኪያ ያንን ፊት በሰባት ዓመቷ አይታዋለች። እና ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ሆና ሁለቱን ነገር አገናኘቻቸው፤ አብዱ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ኸልዋ ነው ያለው፣ እኛ ግን በሩ ላይ እየጮህን እንዳይጨርስ አደረግነው። አርባ ቀን ብሰጠው ይወጣል።

እንዲህ ብላ በሩን ዘጋች።

መጀመሪያ የመጣችው አስማ ነበረች፣ አጥሚቱን በፔርሙስ ይዛ።

"አስማዬ፣ ካሁን በኋላ አትድከሚ። አርባ ቀን ሰው አይገባበትም።"

"እና ሥራ ስትሄጂ ማን ያየዋል?"

"ብቻውን መሆን አለበት። ነገሩ እንደዚያ ነው።"

"የታመመ ሰው ብቻውን?" አስማ ፔርሙሱን አቅፋ ቆመች። "ምን አጠፋሁ መኪያ? ያልሆነ ነገር ተናገርኩ?"

"ወላሂ ምንም አላጠፋሽም።"

አስማ ግን አላመነችም። ማንም አላመነም። በሽተኛ ጠያቂን ከደጅ መመለስ በዚያ ብሎክ ታይቶ አይታወቅም፤ ሰዉ እየተቀየመ እግሩን ሰበሰበ። የሐሙሱ ዱዓ ቀረ። ማሞ ብቻ አልሰማም ብሎ ሦስት ማታ ተመላልሷል። በአራተኛው በሩን እየደበደበ ጮኸ።

"አብዱል! ሚስትህ አሰረችህ ወይስ አንተ ነህ የጠላኸኝ? ኧረ ተናገር!"

መኪያ በሩን የጣት ያህል ከፍታ "ማሞ፣ በሞቴ፣ ድምፅህን ቀንስ፤ እየገደልከው ነው" አለችው። ማሞ ኮፍያውን አወለቀ፣ ደረጃውን ወረደ። ከዚያ ወዲያ አልመጣም። ሸይማ አዳማ ባንክ ነው የምትሠራው፤ እሷንም አርባው እስኪሞላ እንዳትመጣ ብላ በስልክ ከለከለቻት።

ሬዲዮኑን ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባች። የግድግዳ ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ እንዳይል ባትሪውን አወጣች። መስኮቱን ዘግታ መጋረጃውን ጣለች፣ የወያላ ድምፅ ከመንገድ እንዳይገባ። ጠዋት ሱብሒ ሰግዳ፣ ምግቡን ሰጥታ፣ ቢስሚላህ ብላ መዳፏን ደረቱ ላይ አድርጋ ግማሽ ሰዓት ትቀመጣለች። ከዚያ ቆልፋበት ትወጣለች። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተመልሳ ትከፍታለች። ማታም እንደዚያው። አንድ ቃል አትናገረውም። ስታገላብጠው እንኳ፣ በፊት "ዞር በልልኝ አባቴ" ትለው የነበረውን፣ ተወችው። እግሮቿ ላይ ካልሲ አድርጋ ነው በገዛ ቤቷ የምትሄደው።

ከባድ ነበር። ዝምታው እሷንም ይበላት ነበር። ግን በዚያ በተቀመጠችባቸው ግማሽ ሰዓቶች አንዳንዴ ልቧ ይረጋል፣ የእሱና የእሷ ትንፋሽ አንድ ይሆናል፣ ከተጋቡ ጀምሮ እንደዚህ ተቀራርበው የማያውቁ ይመስላታል። እዚህ ነው ትላለች በልቧ። አጠገቤ ነው። ሊወጣ ነው።

በሠላሳ ሦስተኛው ቀን መዳፏ ሞቀ።

መጀመሪያ የራሷ ሙቀት መሰላት። አነሳችው፣ አራገፈችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። ከደረቱ ወደ መዳፏ፣ ከመዳፏ ወደ ክንዷ ሙቀቱ ይወጣል። ፊቱም ቀላ ብሏል፣ ወዝቷል። መኪያ ያንን የሼኹን ፊት አስታወሰች። እንባዋ አገጯ ላይ እስኪንጠባጠብ ድረስ ሳትነቃነቅ ተቀመጠች። ድምፅ አውጥታ አልሐምዱሊላህ እንዳትል እንኳ ራሷን ከለከለች። በሠላሳ አራተኛው ቀን የበለጠ ሞቀ። በሠላሳ አምስተኛውም። ለሀይሚ ልትነግራት ፈለገችና አርባው ይሙላ ብላ ተወችው።

በሠላሳ ስድስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሸይማ ቃሏን አፍርሳ መጣች። እናቷን እንኳ በቅጡ ሳትስም ወደ አባቷ ሄደች፤ ግንባሩን ነካችና እጇን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበችው።

"እማ! እየነደደ እኮ ነው!"

"እሽ! ዝም በይ። ኢነርጂው ነው። ሦስት ቀኑ።"

ሸይማ እናቷን አየቻት። ካልሲዋን አየች፣ የቆመውን ሰዓት አየች።

"እማዬ፣ ይሄ ትኩሳት ነው። አተነፋፈሱን አትሰሚም እንዴ? ደረቱ ኸር ኸር እያለ እኮ ነው!"

መኪያ ያን ጊዜ ሰማችው። ግማሽ ሰዓት ጠዋት፣ ግማሽ ሰዓት ማታ፣ አብራው ስትተነፍስ የከረመችው ትንፋሽ፣ ከሥሩ እንደሚፈላ ድስት ይንተከተክ ነበር። እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ፣ በእጇ በሽታውን ስታሞቅ ነበር።

ሸይማ ማሞ ጋ ደወለች። እንዴት እንደበረረ አይታወቅም፤ ከሳሊተ ምሕረት ተሳፋሪዎቹን አውርዶ በሩብ ሰዓት ደረሰ። ቅሬታውን አላነሳም። አስማና ባሏም ወጡ፤ በብርድ ልብስ ሦስት ፎቅ አወረዱት። ሚኒባሱ ውስጥ የኋለኛው ወንበር ላይ አጋደሙት፤ ራሱን ሸይማ ያዘች፣ እግሮቹን መኪያ ጭኗ ላይ አድርጋ አቀፈች። ማሞ ክላክሱን እየነፋ ነዳ። መንገዱ ተቆፋፍሮ ነበር፣ መኪና ታጭቋል፤ ወያሎች በየአቅጣጫው ይጣራሉ፣ አንድ ሰው ከሌላ ሾፌር ጋር ይሰዳደባል። ከሠላሳ ስድስት ቀን በኋላ አብዱልገኒ ዓለም ውስጥ ገባ።

ሆስፒታሉ በር ጋ ሲደርሱ ማሞ በድንጋጤ ሊያልፈው ሆነ። መኪያ በሩን አየችው። እያለፋት ነበር። አርባ ዓመት የለመደ አፏ ሳታዝዘው ጮኸ።

"ወራጅ አለ!"

የአብዱልገኒ ቀኝ እግር ረገጠ።

ሆዷ ላይ ነው ያረፈው። ውስጥ እግሩ ሙሉውን፣ አውራ ጣቱ ሳይቀር፣ ገፍቶ ቆመ፤ ማሞ ፍሬን ሲይዝ ለቀቀ። መኪያ ጎንበስ ብላ፣ እንደ ሚስጥር፣ ደግማ አለችው። "ወራጅ አለ፣ አብዱዬ።" እግሩ ትንሽ ገፋ፤ ሕፃን በሆድ ውስጥ ሲገላበጥ እንደሚገፋው ያህል። ሦስተኛ ስትለው አልመለሰላትም።

"አለ!" ብላ ጮኸች። "ሸይማ፣ አባትሽ አለ! ሰምቶኛል!"

ሸይማም ማሞም አለቀሱ። ለአንድ አፍታ ደስታ ነበር። ከዚያ ደስታው ይዞት የመጣውን ነገር አየችው። ካለ፣ ትናንትም ነበረ። የዛሬ ወርም ነበረ። በሩ ሲቆለፍ፣ የቁልፉን ድምፅ ሰምቷል። አስማ ስትመለስ፣ ማሞ በሩን ሲደበድብ፣ ተናገር ሲለው። ያለ ሬዲዮ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው፣ በተጋረደ ቤት፣ ሚስቱ እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ ስሙን እንኳ ሳትጠራው። ምን አጠፋሁ ብሎ ይሆን? አስማ ያለችው ቃል ነው፣ ምን አጠፋሁ መኪያ።

ሐኪሙ ሳንባው መታፈኑን፣ መዘግየታቸውን ነገራቸው። የእግሩን ነገር ስትነግረው በትሕትና አዳመጣት።

"እናቴ፣ እሱ ሪፍሌክስ ሊሆን ይችላል። ሰውነት ሳያውቅ የሚያደርገው ነው። መኪናው ሲያንገጫግጭም…"

"ዶክተር" አለችው፣ "ሪፍሌክስ አማርኛ ይሰማል?"

እሷም በኋላ፣ ሐኪሙ ትክክል በሆነ ብላ የተመኘችባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ያልነበረ ሰው አይከፋም።

አምስት ቀን ቆየ። አምስቱንም ቀን መኪያ ስታወራው ከረመች። ስለ ወረባቦ፣ ስለ ቀዩ በር፣ ስለ ስኳር መወደድ፣ ኮሪደሩ ላይ ስለሚያልፈው ሰው ሁሉ። ድምፅዋ ጠፋ፤ በሹክሹክታ ቀጠለች። ነርሶቹ "ይረፉ እንጂ እናቴ" ይሏታል። "ወራጅ አለ" ብላ ስንት ጊዜ እንዳለችው አይቆጠርም፤ እጇን ውስጥ እግሩ ላይ አድርጋ እየጠበቀች። እግሩ ቀዝቃዛ ነበር። በአርባ አንደኛው ቀን ረፋድ ላይ ዐረፈ። አርባው ሞልቶ አለፈ ማለት ነው፤ እሷ ቆጠራውን አልተወችም ነበርና።

ድንኳኑ ብሎኩ ሥር ተተከለ። የተቀየመው ሁሉ መጣ። መርካቶው መጣ፣ የታክሲ ተራው ሁሉ መጣ፣ መኪናዎቹ እስከ ዋናው መንገድ ተሰለፉ። ሰዉ ስለ እሱ እያነሳ ሳቀ፣ አለቀሰ፣ ልጆች ተሯሯጡ፣ ማሞ ያ ድምፁ እስኪሰነጠቅ ተረከ። አብዱልገኒ የሚወደው ዓይነት ጫጫታ ነበር። መኪያ በዚያ መሐል ተቀምጣ ሦስተኛ ፎቅ ያለውን የተጋረደ መስኮት ታያለች።

ሀይሚም መጣች፣ ነጠላ ለብሳ፣ ዓይኗ አብጦ። አጠገቧ ቁጭ አለች።

"እትዬ መኪያ… ብቻውን ይተዉት አላልኩም እኮ።"

"አላልሽም ልጄ። እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።"

ሀይሚ እጇን ያዘቻት። የሀይሚ መዳፍ ሞቃት ነበር። መኪያ ቀስ ብላ እጇን አስለቀቀች።

ከአርባው ሰደቃ በኋላ ወደ ሥራ ተመለሰች። ወለሉን ትወለውላለች፣ ትራሱን ታራግፋለች። ሳህኗ ተመትታ ሰዎቹ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ግን እዚያ መቆየት አትችልም፤ ባልዲዋን ይዛ ውጭ፣ መንገድ ዳር ትቆማለች፣ መኪና ወዳለበት።

ቤቷ ስትመለስ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የአባዶው ታክሲ ከብሎኳ ፊት ለፊት ያልፋል። አስማን ሱቋ በር ላይ ታያታለች፣ በረንዳዋን ታያለች። አፏን ትከፍታለች። ቃሉ አይወጣም። ሌላ ወራጅ ካለ አብራው ትወርዳለች፤ ከሌለ ታክሲው ያልፋል፣ እስከ መጨረሻው። ወያሎቹ አውቀዋታል።

"ማዘር፣ ዛሬም አለፈዎት? ዝም ብለው ነው እኮ የሚያዩት!"

"አልፎኛል ልጄ" ትላለች።

ሰው ሁሉ ከወረደ በኋላ ትንሽ ትቀመጣለች፣ ቦርሳዋን እቅፍ አድርጋ። ከዚያ ትወርድና ያንን ሁሉ መንገድ በእግሯ ትመለሳለች።